በአደባባይ የቆመ ጥበብ፦ የአዲስ አበባ ሐውልቶች እንዴት ቆሙ፣ እንዴት ተነሡ፣ እንዴት ተረፉ

በአዲስ አበባ ያለ ትኬት የሚታየው የጥበብ ሥራ አብዛኛው ደጅ ነው ያለው። አደባባይ መሐል፣ ቲያትር ቤት ደጃፍ፣ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ቆሟል። የከተማው ሰው በእነዚህ ሥራዎች በብዛት የሚጠቀመው ለቀጠሮና ለአቅጣጫ ነው። «አቡነ ጴጥሮስ ጋ ጠብቀኝ»፣ «አንበሳው ፊት ለፊት ነኝ» ይባላል። አንበሳውን ማን እንደቀረጸው፣ ለምን እዚያ እንደተተከለ፣ ከተተከለ በኋላ ምን እንደደረሰበት ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ይታለፋል።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች በቅደም ተከተል ይታያሉ። መጀመሪያ፣ የከተማዋ ሐውልቶች በምን ምክንያት ተተከሉ? ቀጥሎ፣ አንድ ሐውልት ሲነሣ፣ ሲሰረቅ ወይም ሲሻሻል ትርጉሙ የሚለወጠው እንዴት ነው? በመጨረሻም፣ ሥራው በነፃ መታየቱ በዕድሜውና በትርጉሙ ላይ ምን ለውጥ ያመጣል? ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆኑ «ዓ.ም.»፣ በአውሮፓ ሲሆኑ ደግሞ «እ.ኤ.አ.» ተብለው ተጽፈዋል።

መነሻው ከጥበቡ ታሪክ ነው። ኢትዮጵያ ድንጋይ በመጥረብ የቆየ ችሎታ አላት፤ አክሱምና ላሊበላ ምስክር ናቸው። ነገር ግን ሰው በዙሪያው እየዞረ ከሁሉም አቅጣጫ የሚያየው፣ ራሱን ችሎ የቆመ የሰው ምስል በቤተ ክርስቲያን ጥበብ ውስጥ እምብዛም ቦታ አልነበረውም። የቅዱሳን መልክ የሚሣለው በግድግዳ፣ በእንጨት ገበታና በብራና ላይ ነበር። በላሊበላ በቤተ ጎልጎታ በሰው ቁመት የተቀረጹ ቅዱሳን አሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ከግድግዳው አልተላቀቁም። ነሐስ አቅልጦ መስቀል ማውጣት በአገሩ የታወቀ ሙያ ነበር። ፈረስና ጋላቢን የሚያህል ነገር በነሐስ ለማውጣት ግን ትልቅ ማቅለጫ፣ በየክፍሉ ወጥቶ የሚገጣጠም ቅርጽና በዚህ የሠለጠነ ባለሙያ ያስፈልጋል። ሠዓሊና ቀራጺ የሚያሠለጥነው የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በአለ ፈለገ ሰላም መሥራችነት የተቋቋመው በ1950 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተተከሉት ዋና ዋና ሐውልቶች የውጭ ቀራጺዎች ሥራ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ፍላጎቱን የፈጠረው ደግሞ ፖለቲካው ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኢትዮጵያ መንግሥት ከውጭ መንግሥታት ጋር እኩል ሆኖ መታየት ይፈልግ ነበር። የአውሮፓ ዋና ከተሞች ነገሥታታቸውንና ድሎቻቸውን በአደባባይ ያቆሙ ነበር፤ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው የውጭ እንግዳም ይህን ምልክት ማንበብ ያውቃል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሐውልቶች በአንድ ጊዜ ለሁለት ተመልካች ተተከሉ፤ አንዱ የአገሩ ሰው፣ ሌላው ከውጭ የሚመጣው እንግዳ ነው።

ይህ በጉልህ የታየው በጥቅምት 1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በተጫነበት ሰሞን ነው። በበዓሉ ዋዜማ ሁለት ሐውልቶች ቦታቸውን ያዙ። አንዱ በቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ፊት ለፊት የቆመው፣ ሐርትል ሽፔንግለር የተባለ ጀርመናዊ የሠራው የዳግማዊ ምኒልክ የነሐስ ሐውልት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በልብሰ መንግሥትና በዘውድ፣ የፊት እግሮቹን ባነሣ ፈረስ ላይ ተቀምጠዋል። የቦታው ምርጫ የራሱ ምክንያት አለው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት በ1888 ዓ.ም. ከአድዋ ዘመቻ ጋር በአገሩ ሰው ትዝታ ተያይዞ ይኖራል፤ ሐውልቱም ድሉን፣ ንጉሡንና ታቦቱን በአንድ ስፍራ አገናኘ።

ሁለተኛው በለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ ነው። የሠራው ፈረንሳዊው ቀራጺ ዦርዥ ጋርዴ ነው። ወርቅ የተቀባው የነሐስ አንበሳ ዘውድ ደፍቶ በጥቁር ግራናይት መቆሚያ ላይ ይታያል። በመቆሚያው ጎኖች ላይ የአፄ ምኒልክ፣ የንግሥት ዘውዲቱ፣ የራስ መኮንንና የአፄ ኃይለ ሥላሴ መልክ በሪሊፍ ተቀርጿል። ሪሊፍ ማለት ከሰሌዳው ሳይላቀቅ ወደ ተመልካቹ ጎልቶ የወጣ ቅርጽ ነው። በዚያ ዘመን ከባሕር ማዶ የሚመጣ እንግዳ ወደ አዲስ አበባ የሚገባው ከጅቡቲ በሚነሣው ባቡር ነበር። ከጣቢያው ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው የንጉሡን አርማና የሥልጣኑን የዘር ሐረግ ነው። እንግዲህ ሐውልቱ የተተከለው ሊነበብ በሚችልበት ትክክለኛ ቦታ ላይ ነበር።

የእነዚህ ሐውልቶች ኃይል የታየው ጠላት ሲያነሣቸው ነው። ፋሺስት ጣሊያን በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ የምኒልክን ሐውልት ከቦታው አንሥቶ ቀበረው። የአድዋን ድል ያደረገ ንጉሥ ከተማው መሐል ቆሞ ሳለ አድዋን ተበቅያለሁ ማለት አይቻልም ነበር። ሐውልቱ ግን አልቀለጠም፤ ከነፃነት በኋላ ወጥቶ ወደ ስፍራው ተመለሰ። ዛሬ በፒያሳ የሚታየው ያው የ1923ቱ ነሐስ ነው።

በአንበሳው ላይ የተወሰደው እርምጃ የተለየ ነበር። ወደ ሮም ተጭኖ ሄደ፤ እዚያም በዋናው ባቡር ጣቢያ አቅራቢያ ካለው የዶጋሊ መታሰቢያ ሥር ተተከለ። የዶጋሊ መታሰቢያ እ.ኤ.አ. በ1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ድል ላደረጓቸው የጣሊያን ወታደሮች የቆመ ነው። የአሸናፊውን አገር አርማ በተሸናፊዎቹ መታሰቢያ እግር ሥር ማኖር በግልጽ የሚነበብ መልእክት አለው፦ ብድሩ ተመልሷል። በተመሳሳይ ዓላማ 24 ሜትር የሚረዝመው የአክሱም ሐውልትም ወደ ሮም ተወስዷል።

ያ መልእክት ሌላ አንባቢም ነበረው። በሰኔ 1930 ዓ.ም. ሮም የነበረው ኤርትራዊው ዘርዓይ ደረስ በዚሁ አንበሳ አጠገብ ጎራዴ መዝዞ ተቃውሞውን ገለጸ፤ ሰዎችንም አቆሰለ። ተይዞ ከታሰረ በኋላ ወደ አገሩ ሳይመለስ በጣሊያን ምድር ሞተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንበሳው የአንድ ንጉሥ የዘውድ በዓል መታሰቢያ ብቻ መሆኑ ቀረ። በምርኮ የቆየ የአገር ምልክት ሆነ፤ የዘርዓይ ስምም ከእሱ ጋር ተቆራኘ።

መመለሱ ጊዜ ፈጀ። ጣሊያን ከባለድል መንግሥታት ጋር እ.ኤ.አ. በ1947 የፈረመችው የሰላም ውል በ37ኛው አንቀጹ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 3 ቀን 1935 በኋላ ከኢትዮጵያ የተወሰዱ የጥበብ ሥራዎች፣ የሃይማኖት ዕቃዎችና ሰነዶች በ18 ወር ውስጥ እንዲመለሱ ያዛል። አፈጻጸሙ ግን ከውሉ ቃል እጅግ ዘገየ። አንበሳው የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው፤ የአክሱም ሐውልት ደግሞ በ1997 ዓ.ም. መጥቶ በ2000 ዓ.ም. በስፍራው ቆመ። ከባድ ነገር ከቆመበት ለማንሣት የወራሪ ትእዛዝ በቂ ነበር፤ ለመመለስ ግን ውል፣ ድርድር፣ ገንዘብና ቆራጥነት ጠየቀ።

አንበሳው ከተመለሰ በኋላም ፈተና ገጠመው። በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ዘውዱ ሲወድቅ ወታደራዊው መንግሥት፣ ደርግ፣ ሐውልቱን የንጉሣዊው ሥርዓት ምልክት ነው ብሎ ሊያነሣው አሰበ። በዕድሜ የገፉ አርበኞች የዘርዓይ ደረስን ታሪክ አንሥተው ተቃወሙ፤ ሐውልቱም በቦታው ቀረ። ከዚህ አንድ መርሕ ማውጣት ይቻላል። አንድ ሐውልት የሚወክለው ተካዩን ብቻ ከሆነ ዕድሜው በተካዩ ሥልጣን ዕድሜ ይወሰናል። ሌሎች ሰዎች የራሳቸውን ትዝታ ካከሉበት ግን ተካዩ ከወደቀ በኋላም ጠበቃ ያገኛል።

ትርጉም የሚለወጠው ሐውልት በማንሣት ብቻ አይደለም፤ በጥቂት ጭማሪም ሊለወጥ ይችላል። ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ምሳሌ በስድስት ኪሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ይገኛል። ጣሊያኖች እዚያ እየተጠመዘዘ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ግን የትም የማያደርስ የድንጋይ ደረጃ ሠርተው ነበር። እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1922 ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ ያለፈ አንድ ዓመት ይቆጥራል። ከነፃነት በኋላ ደረጃው አልፈረሰም። ከጫፉ ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። የፋሺስት ዘመን መቁጠሪያ የነበረው ነገር በዚህ ጭማሪ ብቻ የማብቂያው ምልክት ሆነ። ደረጃው ቢፈርስ ኖሮ ማን ምን ሊል እንደፈለገና ምን መልስ እንደተሰጠው ለመጪው ትውልድ አይታይም ነበር።

በዚያው ግቢ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። የተከተለው የበቀል ጭፍጨፋ ሦስት ቀን ቀጠለ። የሟቾቹ ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ያቀረበው 30,000 ነው። ከግቢው በር ፊት ለፊት ባለው አደባባይ የቆመው የሰማዕታት ሐውልት የዚህ መታሰቢያ ነው። ቁመቱ 28 ሜትር ሲሆን የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። የሠሩት የዩጎዝላቪያ ቀራጺዎች አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች ናቸው። አውጉስቲንቺች በኒውዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ቅጥር ግቢ ያለውን «ሰላም» የተሰኘ የፈረሰኛ ሐውልትም ሠርቷል።

የዩጎዝላቪያ ቀራጺዎች ለምን ተመረጡ? ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1954 ዩጎዝላቪያን ጎበኙ፤ የአገሪቱ መሪ ቲቶም በማግሥቱ ዓመት ወደ አዲስ አበባ መጡ። ሁለቱም አገሮች በፋሺስት ጣሊያን ተወርረው ያውቃሉ፤ ሁለቱም በታላላቅ መንግሥታት ፍጥጫ መሐል የራሳቸውን መንገድ ይፈልጉ ነበር። ሐውልቱ ስለዚህ የሐዘን መታሰቢያ ሲሆን የወዳጅነት ሰነድም ነው። ከዚህ በኋላ የተሠሩትን በርካታ የከተማዋን ሐውልቶች ሲያዩ «የማን ወዳጅነት አመጣው?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ነገር ይገልጣል።

የሰማዕታቱን ሐውልት ለማየት መቅረብ ይጠይቃል። ከሩቅ የሚታየው ወደ ሰማይ የሚወጣ ቀጥ ያለ ዓምድ ነው፤ ታሪኩ ያለው ግን ከታች፣ ዓምዱን በከበቡት የነሐስ ሪሊፎች ላይ ነው። የጭፍጨፋውና የሐዘኑ ትዕይንቶች እዚያ ተቀርጸዋል። ሪሊፍ የሚሠራው በጥላ ነው። የወጣው ክፍል ብርሃን ይይዛል፤ የገባው ይጨልማል፤ መልክና እንቅስቃሴ የሚለየው በዚህ ልዩነት ነው። ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት ስትወርድ የፊቶቹ ዝርዝር ይደበዝዛል። ጠዋት ወይም ወደ ማታ፣ ብርሃኑ በጎን ሲመጣ፣ አንዱ ሰው ከሌላው ይለያል፤ በብዛት የታየው ሕዝብ በነጠላ ሰዎች ይተካል። ቀራጺዎቹ የሰማዕታቱን ብዛት በዓምዱ ከፍታ፣ የእያንዳንዱን ሰው ሞት ደግሞ በዓይን ቁመት ባለው ነሐስ አስቀመጡት።

ከስድስት ኪሎ ቁልቁል ሲወረድ አራት ኪሎ ላይ የድል ሐውልቱ ይገኛል። የተሰየመው በሚያዝያ 27 ነው። በ1928 ዓ.ም. በዚያ ቀን ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ፤ ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ በ1933 ዓ.ም. በዚያው ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው ገቡ። ቀኑ የተመረጠው ሽንፈቱን በድል ለመሸፈን እንደሆነ ግልጽ ነው። ደርግ በበኩሉ የድል በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዛወረው፤ በ1933 ዓ.ም. ከተማዋ ከጣሊያን እጅ የወጣችው በዚያ ቀን ስለሆነ በዓሉ ከንጉሡ መመለስ ጋር አይያያዝም ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በዓሉ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። በዓሉ በአዋጅ ሲሄድና ሲመለስ ድንጋዩ ከቦታው አልተነቃነቀም።

እስከ አሁን የታየው ሐውልቶች ምን እንደሚናገሩ ነው። እንዴት እንደሚናገሩ ለማየት ሁለት አንበሶችን ማነጻጸር ይጠቅማል። የመጀመሪያው ከላይ የተገለጸው የለገሃሩ ነው። ሁለተኛው ከእሱ ብዙ ሳይርቅ በብሔራዊ ቲያትር ፊት ለፊት የቆመው ነው። የቲያትር ቤቱን ግንባታ ጣሊያኖች ለሲኒማ ብለው ጀምረውት ነበር፤ ፈረንሳዊው አርክቴክት አንሪ ሾሜ አስፋፍቶ ጨረሰውና በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ 25ኛ ዓመት ተመረቀ። አንበሳውን የሠራው ሌላው ፈረንሳዊ ሞሪስ ካልካ ነው።

በሁለቱ መካከል 25 ዓመት አለ። የጋርዴ አንበሳ እንደ እንስሳ የተጠና ነው፤ ጎፈሩ፣ ጡንቻው፣ አቋሙ ከእውነተኛው አንበሳ የተወሰደ ነው፤ ንጉሣዊነቱን የሚናገረው ዘውዱና ወርቁ ነው። የካልካ አንበሳ ደግሞ የድንጋይ ነው፤ ዝርዝሩ ተቀንሶ አካሉ በትልልቅ ገጾችና በቀጥታ መስመሮች ተከፍሏል። ጎፈሩ ጸጉር መምሰሉ ቀርቶ ሥርዓት የያዘ ቅርጽ ሆኗል። ግርማው የሚመጣው ከግዝፈቱና ከመስመሩ ነው። አርማው አንድ ሆኖ ሳለ የመጀመሪያው «ጥንታዊ ዘውድ ነኝ» ይላል፤ ሁለተኛው «ዘመናዊ መንግሥት ነኝ» ይላል። አሠራር ራሱ መልእክት የሚሆነው እንዲህ ነው።

የአገሩ ጠቢብ በሕዝብ ቦታ ላይ ትልቅ ሥራ ይዞ ብቅ ያለው በአፍሪካ አዳራሽ ነው። ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በግንቦት 1955 ዓ.ም. የተመሠረተው እዚያ ነው። የመግቢያውን ግድግዳ የሸፈነው ባለቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ስፋት አለው። የነደፉት አፈወርቅ ተክሌ ያን ጊዜ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ሥራው በሦስት ክፍል የአፍሪካን ያለፈ ጊዜ፣ ትግሉንና መጪውን ዘመን ያሳያል።

ባለቀለም መስታወት ከሥዕል የሚለየው ብርሃኑ የሚመጣበት ቦታ ነው። በሥዕል ላይ ብርሃን ቀለሙን መትቶ ይመለሳል፤ በመስታወት ግን ቀለሙን አልፎ ወደ ተመልካቹ ይመጣል። ቀለሙ በመስታወቱ ውስጥ ስለሆነ ከላዩ የሚላጥ ነገር የለውም። ሥራው ሙሉ በሙሉ የሚታየው በቀን፣ ከውስጥ ነው፤ በቀን ከውጭ ላየው ጨለም ያለ ግድግዳ ይመስላል። በዚህ ምክንያት ይህ ሥራ ከሌሎቹ በአንድ ነገር ይለያል። የተሠራው ለአህጉር ቢሆንም ያለው በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ውስጥ ነው፤ ለመግባት አስቀድሞ መመዝገብና መታወቂያ ማሳየት ይጠይቃል።

ከዚህ አዳራሽ ብዙ ሳይርቅ እ.ኤ.አ. በ1983 የሌኒን ሐውልት ቆሞ ነበር። የደርጉ መሪ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ከአገር ወጡ፤ ሐውልቱ የተነሣው በሁለተኛው ቀን ነው። በስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ግን እ.ኤ.አ. በ1984 ምሥራቅ ጀርመናዊው ዮ ያስትራም የሠራው የካርል ማርክስ የድንጋይ ሐውልት ከለውጡ ተርፎ ቆየ። በቸርችል ጎዳና፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ያለው ትግላችን ሐውልትም ተረፈ። ይህ 50 ሜትር የሚረዝምና ጫፉ ላይ ቀይ ኮከብ ያለው ዓምድ በ1977 ዓ.ም. ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ተሠራ። በኦጋዴን ጦርነት የወደቁ የኩባ ወታደሮች መታሰቢያም በውስጡ አለ።

ሦስቱም የአንድ ሥርዓት ሥራዎች ሆነው ዕጣቸው ለምን ተለያየ? የሚታዩት ልዩነቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ቦታ ነው። የሌኒን ሐውልት በከተማዋ ዋና የመንግሥት መንገድ ላይ ነበረ፤ የማርክስ ግን የትምህርት ተቋም አጠገብ። ሁለተኛው ይዘት ነው። ትግላችን አብዮቱን ቢያወድስም የሞቱ ሰዎችን ያስታውሳል፤ የሞተ ወታደር ደግሞ ከሥርዓቱ ውጪ የሚያለቅስለት ቤተሰብ አለው። ሦስተኛው ቁሳቁስ ነው። አንድን የነሐስ ሰው በገመድ ማውረድ ይቻላል፤ 50 ሜትር ዓምድ ማፍረስ ግን ራሱን የቻለ ፕሮጀክት ነው። አንዱ ምክንያት ብቻውን ሁሉንም አይገልጽም፤ ሲደማመሩ ግን የአንበሳውን ታሪክ ያጠናክራሉ። የሚተርፈው ከአንድ በላይ ባለቤት ያለው ነው።

ሐውልት የሚያነሣው ፖለቲካ ብቻ አይደለም፤ መንገድም ያነሣል። አቡነ ጴጥሮስ ለወራሪው አንገዛም ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተደብድበው የተገደሉ ጳጳስ ናቸው። ሐውልታቸው የቆመበት አደባባይ በቀላል ባቡሩ መስመር ላይ ወደቀ፤ ከሥሩ ዋሻ መቆፈር ነበረበት። በ2005 ዓ.ም. ሐውልቱ ተነሥቶ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ተወሰደ። ብዙ ሰው ሳይመለስ ይቀራል ብሎ ሰጋ፤ ጉዳዩም የሕዝብ መነጋገሪያ ሆነ። በ2008 ዓ.ም. ግንባታው ሲያበቃ ተመልሶ ቆመ። የልማት ሥራና የመታሰቢያ ጥበቃ አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ይህ ያሳያል፤ የሚያስፈልገው ተቀባይ ሙዚየም፣ የታወቀ የመመለሻ ቦታና ነገሩን የማይረሳ ሕዝብ ነው።

ጎብኚ እነዚህን ሥራዎች በአንድ ግማሽ ቀን በእግሩ ሊያያቸው ይችላል። የተሻለው አቅጣጫ ቁልቁል ነው፦ ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ ወደ አራት ኪሎ፣ በራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳና ወደ ምኒልክ ሐውልት፣ ከዚያ ወደ አቡነ ጴጥሮስ፣ በቸርችል ጎዳና ወርዶ በትግላችንና በብሔራዊ ቲያትር በኩል ለገሃር ላይ መጨረስ። በጠዋት ቢጀመር የስድስት ኪሎን ሪሊፎች በጎን ብርሃን ማየት ይቻላል። ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ለመግባት መታወቂያ ይዞ በሩ ላይ ማስፈቀድ፣ ትግላችን አጥር ውስጥ ስለሆነ እዚያም ጥበቃውን ማነጋገር፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አካባቢ ካሜራ ከማንሣት በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ መጨረሻው ጥያቄ መምጣት ይቻላል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በከተማዋ የተከፈቱት ትልልቅ የታሪክና የጥበብ ስፍራዎች፣ ለምሳሌ አንድነት ፓርክና በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ፣ በትኬት የሚገባባቸው ናቸው። ትኬት ጥቅም አለው፤ ጥበቃ፣ ጽዳትና አስጎብኚ ገንዘብ ይፈልጋሉ። የመንገዱ ሐውልት ግን በትኬት የማይገኝ ነገር አለው፤ ሳይፈልገው እንኳን በአጠገቡ የሚያልፍ ሰው። የለገሃርን አንበሳ ያስጣሉት አዛውንቶች ሐውልቱን ያውቁት የነበረው ሙዚየም ገብተው አይደለም። የአቡነ ጴጥሮስ መነሣት ያሳሰበውም ሰው በየቀኑ በአደባባዩ ያልፍ የነበረው ነው። በነፃ መታየቱ ለሐውልቱ ጠበቃ ያበዛለታል፤ ከላይ እንደታየው ደግሞ ከአንዱ መንግሥት ወደ ሌላው ያሻገረው ይኸው የጠበቃ ብዛት ነው።

ስለዚህ ለእነዚህ ሥራዎች ሦስት ነገር ይገባቸዋል። አንደኛ፣ በእያንዳንዱ ሐውልት ሥር የቀራጺውን ስም፣ የተተከለበትን ዓመት፣ የተነሣበትንና የተመለሰበትን ጊዜ በአጭሩ የሚናገር ጽሑፍ ይኑር፤ የተሰረቀበት ታሪክ ከተተከለበት ታሪክ አያንስም። ሁለተኛ፣ መንገድና አደባባይ በሚቀየርበት ጊዜ እግረኛ እስከ ሐውልቱ እግር የሚደርስበት መሻገሪያ የማይቀር የንድፉ ክፍል ይሁን፤ ሪሊፍ ከመኪና መስኮት አይነበብም። ሦስተኛ፣ ማንኛውም ሐውልት ከቦታው ሲነሣ የሚቀመጥበትና የሚመለስበት ቦታና ጊዜ ለሕዝብ በይፋ ይነገር፤ የ2005ቱ ሥጋት ሊቃለል ይችል የነበረው በዚህ ነው። ለእነዚህ ሦስቱ የሚወጣው ገንዘብ አዲስ ሐውልት ከማቆም እጅግ ያነሰ ነው፤ ከተማዋ ግን ያላትን ነገር በትክክል ታውቅበታለች።